ደሴ ላይ በደመወዝ የሚቻል ቤት ፍለጋ

ደሴ ውስጥ ርካሽ ኪራይ ቤት የለም ይባላል። አለ። ችግሩ ደላላ ጋ ሳይደርስ ሰፈር ውስጥ ያልቃል። አንዷ ጎረቤት ለእህቷ ልጅ ትይዘዋለች። ባለሱቁ ለሚያውቀው ልጅ ሹክ ይለዋል። የሚለቀው ተከራይ ራሱ ጓደኛውን በቦታው ያስገባል። በወር ደመወዝ ለምንኖር ሰዎች ዋናው ሥራ ይህ ወሬ በሚያልፍበት ቦታ መገኘት ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ርካሽ የተባለው ቤት እውነትም ርካሽ መሆኑን ማጣራት ይመጣል።

እኔ መምህርት ነኝ። ከደላንታ ተዛውሬ ነው ደሴ የገባሁት። ታናሽ ወንድሜ እዚህ ስለሚማር አብሮኝ ይኖራል። ስለዚህ የምጽፈው አንድ ክፍል፣ ሲሳካም አንድ ክፍል ከትንሽ ማድቤት ጋር ለሚፈልግ ሰው ነው። ሙሉ ግቢ ለሚከራይ ሰው መንገዱ ሌላ ነው።

የመጀመሪያውን ቤት በደላላ አገኘሁ። ደላላው ለማሳየት ብቻ ገንዘብ ተቀበለኝ። ካሳየኝ ቤቶች በአንደኛው ገና ከበሩ ሳልገባ ባለቤትየዋ "ይሄ እኮ ከተያዘ ቆየ፤ እሱም ያውቃል" አለችኝ። በመጨረሻ የገባሁበት ቤት አከራይ ደግሞ በጽሑፍ ውል አልፈርምም አለ። "በመተማመን ነው የምንኖረው" ነበር ቃሉ። ዓመት ሳይሞላ መጥቶ ኪራዩን ጨመረ። ለምን ስለው "ካልተመቸሽ ሰው አለ" አለኝ።

ሰው መኖሩስ እውነት ነው። ጦርነቱ ጥቅምት 2014 ደሴ ከደረሰ ወዲህም፣ ከዚያ በፊትም፣ ከየቦታው ተፈናቅሎ እዚህ የቀረ ብዙ ቤተሰብ አለ። ከወረዳ ተዛውሮ የሚመጣ ሠራተኛ አለ፤ የኮሌጅ ተማሪ አለ፤ ልጁን ለማስተማር ከገጠር የገባ አለ። ሁሉም የሚፈልገው ያንኑ አንድ ክፍል ነው። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ ደግሞ ኑሮው ሲንር አከራዩም በኪራይ ሊያካክሰው ይሞክራል። ብዙ አከራይ ራሱ ጡረተኛ ወይም ባሏ የሞተባት እናት ናት። ከሁለት ከሦስት ክፍል ኪራይ ሌላ ገቢ የላትም። ይህንን ማወቅ ስንደራደር ይጠቅመናል።

ደላላ አትጠቀሙ አልልም። ቸኩሎ ለመጣ፣ ዘመድ ለሌለው ሰው ያስፈልጋል። ግን ቤቱን ሳታዩ አምስት ሳንቲም አትስጡ። ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነ፣ ከእናንተ ብቻ ይሁን ከአከራዩም እንደሚወስድ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የምትከፍሉት ቁልፍ ስትረከቡ ነው። ኮሚሽኑ ከኪራዩ ላይ የሚሰላ ከሆነ ደግሞ ኪራዩ ከፍ ባለ ቁጥር እሱ ይጠቀማል። ስለዚህ ዋጋውን እሱ እንዲደራደርላችሁ አትጠብቁ፤ ከባለቤቱ ጋር ራሳችሁ ተነጋገሩ።

አሁን ያለሁበትን ቤት ያገኘሁት ወፍጮ ቤት ነው። እህል ላስፈጭ ተራ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። አጠገቤ የነበሩ እናት ነጠላቸው ዱቄት በዱቄት ሆኖ ያዩኝና "ለሰፈሩ እንግዳ ነሽ ልጄ?" አሉኝ። ቤት እየፈለግሁ መሆኑን ነገርኳቸው። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ደላንታ ስላቸው የትኛው ቀበሌ፣ የማን ልጅ እያሉ ወረዱ። በመሀል ሌላዋ ሴት ገባችበት። ሦስተኛዋ ደግሞ "እዚያ ከመስጊዱ በታች ያለችው ነርስ ወደ መርሳ ተዛውራለች አሉ፤ ቤቱ ሰው አልገባበትም" አለች። እናትየው "አብሽሪ፣ ዱቄትሽን ያዢና አብረን እንሄዳለን" አሉኝ። ዱቄቴን ተሸክሜ ቤት አየሁ።

እንዲህ ያለ ቦታ ሰፈሩ ሁሉ አለው። ወፍጮ ቤት፣ የቦኖ ውሃ ወረፋ፣ ከሰል የምትሸጠዋ ሴት፣ የጉልት ገበያ። ቤት ሊለቅ ያሰበ ሰው ዕቃውን የሚሸጠው እዚያው ነው፤ አልጋና ምጣድ የሚሸጥ ሰው ካያችሁ "የት ልትሄዱ ነው?" በሉት። ሱቅ ስትጠይቁ ደግሞ "ቤት አለ?" ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ትንሽ ነገር ግዙ፣ ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንደምትሠሩ፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁ ንገሩት። ስልካችሁን ጻፉለት። በሳምንቱ ተመለሱ። ባለሱቅ የማያውቀውን ሰው ለጎረቤቱ አይልክም፤ ነገ ነገር ቢበላሽ የሚወቀሰው እሱ ነዋ።

ከሁሉም የሚበልጠው ቅሬ፣ ማለትም የሰፈሩ እድር፣ ነው። የቅሬው ኃላፊዎች የሰፈሩን ቤት አንድ በአንድ ያውቁታል። የትኛዋ እናት ብቻዋን እንደቀረች፣ የማን ልጅ ተድሮ ክፍል ባዶ እንደሆነ ያውቃሉ። መሄድና "በዚህ ሰፈር ልኖር እፈልጋለሁ፣ ቅሬውም ልግባ" ማለት ይቻላል። ገብቶ የሚጠፋ ሳይሆን ለቅሶ የሚደርስ ጎረቤት እንደምትሆኑ ያኔ ይገባቸዋል። በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም በኩል እንዲሁ ነው። ወሎ ውስጥ አንዱ ለሌላው ሃይማኖት ሰው ቤት ሲያፈላልግ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ማድቤቱ የጋራ ከሆነ ግን የሥጋውን ነገር፣ ማለትም ድስትና ቢላ ለየብቻ መሆኑን፣ ከመግባት በፊት በግልጽ ተነጋገሩ። እዚህ ማንም አይቀየምም። ሳይነገር የቀረው ነው የሚያስቀይመው።

ወደዚያ ቤት ልመለስ። አከራይዋ ገና ሳልቀመጥ መጠየቅ ጀመሩ። ስንት ናችሁ? ወንድምሽ ሲጋራ ያጨሳል? እንግዳ ይበዛብሻል? ማታ በስንት ሰዓት ትገቢያለሽ? ምጣድ አለሽ? በኋላ እንደነገሩኝ ከእኔ የተሻለ ዋጋ ያቀረበላቸው ሰው ነበር። "ገንዘቡስ ይቅር፣ እንቅልፍ የሚሰጠኝ ሰው ይግባ" ብለው ነው ለእኔ የሰጡት። የአከራይ ፍርሃት ሦስት ነው። ኪራይ የማይከፍል፣ ግቢ የሚረብሽ፣ ውጣ ሲሉት የማይወጣ። እነዚህን ሳትጠየቁ ቀድማችሁ መልሱላቸው። የሥራ ደብዳቤ ያዙ። የመታወቂያ ኮፒ ያዙ። ደመወዝ የምትቀበሉበትን ቀን ተናግራችሁ የኪራዩን ቀን ከዚያ ጋር አስማሙ። ከተማው ውስጥ የሚያውቃችሁ ሰው ካለ ዋስ አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ተፈናቅሎ መጥቶ ወረቀት የሌለው ሰው ከሆነ ይህ ዋስ ከምንም በላይ ያስፈልገዋል። እኔ ለአንዲት የትምህርት ቤታችን ጽዳት ሠራተኛ ዋስ ሆኜ ሄጃለሁ። ወንበር ላይ ተቀምጦ "አውቃታለሁ" የሚል አንድ ሰው ሲገኝ የአከራዩ ፊት ሲፈታ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋጋው። የኪራዩ ዋጋ የቤቱ ዋጋ አይደለም። መሀል ከተማ፣ ፒያሳና አራዳ አካባቢ ይወደዳል። ወደ ጢጣ፣ ወደ ገራዶ ወይም ወደ ቦሩ ሜዳ ሲወጣ ይረክሳል። ግን ደምሩት። ከከተማ የራቀው ቤት በወር 500 ብር ይቀንሳል እንበል። በቀን ለመሄጃና ለመመለሻ ተጨማሪ 20 ብር የምታወጡ ከሆነ በ25 የሥራ ቀን 500 ብሩ አለቀ። ሁለት ሰው ከሆናችሁ ኪሳራ ላይ ናችሁ። ማታ ትራንስፖርት ጠፍቶ ኮንትራት ባጃጅ የምትይዙበት ቀን ገና አልተቆጠረም። አንዳንዱ ደግሞ ኮምቦልቻ ተከራይቶ ደሴ ይሠራል። ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ አየሩም ሞቃት ነው። ክረምት ላይ ግን የሐረጎን ዳገት በጉም ውስጥ በየቀኑ መመላለስ ቀላል አይደለም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢም ለአንድ ክፍል ፈላጊው ብዙ ነው።

የመብራቱን ነገር ብዙ ሰው አያስበውም። ግቢ ውስጥ ያሉ ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማሉ፣ ወሩ ሲያልቅ ይካፈላሉ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ በደረጃ ነው። እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው በጣም ርካሽ ነው። ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ከፍ ይላል። አራት ቤተሰብ እያንዳንዱ 50 ቢጠቀም በየራሱ ቆጣሪ ሁሉም ርካሹ ደረጃ ላይ ይሆን ነበር። በአንድ ቆጣሪ ግን 200 ሆነና ሁላችሁም ውዱን ትከፍላላችሁ። ታሪፉ ደግሞ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ለአራት ዓመት ከፍ እንዲል የተወሰነ ነው። ስለዚህ የራሱ ቆጣሪ ያለው ክፍል ትንሽ ቢወደድም ሊያዋጣ ይችላል። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ክፍፍሉ በሰው ቁጥር ይሁን በክፍል ወይስ በዕቃ፣ ጠይቁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። አከራዮች ምጣድ የሚከለክሉት ለዚህ ነው። ከተከለከለ ወይ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እጋግራለሁ ብላችሁ ተስማሙ፣ ወይ በየቀኑ የምትገዙትን እንጀራ ከኪራዩ ጋር ደምሩ። ለሁለት ሰው ሲሆን ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ውሃም እንደዚያው። በፈረቃ ነው የሚመጣው። በሳምንት ስንት ቀን? ሌሊት ነው ቀን? ሮቶ አለ? ካለስ ተከራይ ይቀዳል? ይህን አከራዩን ሳይሆን ተከራዩን ጠይቁ። ሽንት ቤቱን ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ።

አንድ ነገር ላይ ግን ቆም በሉ፤ ግድግዳው ላይ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ያረፈች ከተማ ናት። ብዙ ግቢ ዳገቱን ቆርጦ የተሠራ ነው። ከኋላ ያለው ክፍል ጀርባው አፈር ነው ማለት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ውሃው በዚያ አፈር ውስጥ ያልፋል። እኔ ቤት ሳይ መጀመሪያ የማደርገው በሩን ዘግቼ ማሽተት ነው። ቀጥሎ የኋላውን ግድግዳ ከታች፣ አልጋ በሚያርፍበት ቦታ፣ በእጄ መዳበስ። ከታች አንድ ክንድ ያህል ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ወይም ፕላስቲክ ከተለጠፈበት እርጥበት እየተሸፈነ ነው። ኮርኒሱ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ክብ ካለ ቆርቆሮው ያፈሳል። በሩ ሲዘጋ ከላይ የሚይዝ ከሆነና ግድግዳው ላይ አግድም የተሰነጠቀ መስመር ካያችሁ ደግሞ ወጥታችሁ የጎረቤቱን ግድግዳ እዩ። ደሴ መሬት የሚንሸራተትበት ቦታ አላት፤ እንዲህ ያለ ቤት በነፃ ቢሰጡኝም አልገባም። እርጥበት ያለበት ቤት ለልጅ ሳል ነው፣ ለልብስና ለእህል ሻጋታ ነው። በኪራዩ ያተረፋችሁት ሐኪም ቤት ያልቃል።

ጊዜውንም አስቡበት። ነሐሴና መስከረም ዝውውርም ትምህርትም የሚጀመርበት ስለሆነ ዋጋው አይቀመስም። ከቻላችሁ ለትንሽ ጊዜ ዘመድ ጋ አርፋችሁ ወይም ደባል ሆናችሁ ኅዳር ታኅሣሥን ጠብቁ። በበጋ የምታዩት ቤት ሁሉ ደረቅ ስለሚመስል ግን ክረምቱን ጎረቤት ጠይቁ። ደባልነት ለብቸኛ ሰው ጥሩ መንገድ ነው። ኮንዶሚኒየም በብቻ የማይሞከር፣ ሦስት ሠራተኛ ሲካፈለው የሚቻል ይሆናል። ኪራዩን በማን ስም እንደምትከፍሉና አንዱ ሲለቅ ምን እንደሚሆን ብቻ ቀድማችሁ ተስማሙ።

የቀበሌ ቤትን በተመለከተ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እነዚህ ቤቶች በሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ በቀበሌ እጅ የገቡ ናቸው። ያን ጊዜ በወር እስከ 100 ብር የሚከራየው ለቀበሌ ተሰጠ። ኪራያቸው ዛሬም ከገበያው ጋር አይገናኝም። ባዶ የሚሆነው ግን ጥቂት ነው፣ ጠያቂው ብዙ ነው። ችግር ያለበት ሰው ማመልከቻውን በጽሑፍ አስገብቶ ቀን ያለበት ማረጋገጫ ይቀበል። የማስጠነቅቀው "የቀበሌ ቤት አለኝ፣ የቁልፍ ክፈሉኝና ግቡ" የሚሉትን ነው። የቀበሌ ቤት አሳልፎ ማከራየት አይፈቀድም። ሲደረስበት የሚወጣው የገባው ሰው ነው፣ ገንዘቡም አይመለስም።

ቤቱን ከወደዳችሁት ውል በጽሑፍ ይሁን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የተከራይ ልመና መሆኑ ቀርቷል። አዋጁ ውል በጽሑፍ ይሁን ይላል። በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ተመን ብቻ ነው። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። በክልል ከተሞች ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሉ በወሰናቸው ላይ ስለሆነ፣ የከተማ አስተዳደሩ ቤቶች ክፍል ሄዳችሁ ምዝገባው በሰፈራችሁ እንዴት እየተሠራ እንደሆነ ጠይቁ። ምዝገባ ቢኖርም ባይኖርም ምስክር ያለበት ውል ዋጋ አለው።

አንዳንድ አከራይ ውል ሲባል ይደነግጣል። ግብር መጣ፣ ቤቴን ሊወስዱብኝ ነው ይላል። አትጫኑት። የእኔዋ አከራይም መጀመሪያ ዝም አሉ። "እማማ፣ ውሉ እኔንም ያስራል፤ ሳልከፍል ብቀር በምን ይጠይቁኛል?" አልኳቸው። ልጃቸውን ጠሩትና እሱ አነበበላቸው። ዋጋው፣ የመክፈያው ቀን፣ መብራትና ውሃ እንዴት እንደሚከፈል፣ የገባሁ ዕለት ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር፣ የተሰበረው መስኮት፣ ሁሉም ተጻፈ። ሁለት ጎረቤት ምስክር ሆነው ፈረሙ። ኪራዩን በቴሌብር ለልጃቸው እልካለሁ፤ የደረሰኝን መልእክት አላጠፋም። ቴሌብር የሌላቸው አከራይ ቢገጥማችሁ በትንሽ ደብተር ላይ በየወሩ ያስፈርሙላችሁ።

ውሉ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ቡና አፍልቼ ጠራኋቸው። ሊጨምሩ እንዳሰቡ ነገሩኝ። እኔም የምችለውን ነገርኳቸው። የሰፈሩን ኪራይ እሳቸውም ጠይቀው ነበር፣ እኔም ጠይቄ ነበር። የኋላው ግድግዳ በራሳቸው ወጪ እንዲለሰን፣ ጭማሪውም ካሰቡት በግማሽ እንዲሆን ተስማማን። ያንንም በአዲሱ ውል ላይ ጻፍነው።